ሳይጠሩት «አቤት» የሚል ስልክ

ባለፈው እትም «ስለ ስልክ የድምፅ ረዳቶች ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። በቃል ስናዛቸው ስለሚታዘዙት፣ ስለ አይፎኗ ሲሪ፣ ስለ አንድሮይዱ ጉግል አሲስታንት፣ ስለ ሳምሰንጉ ቢክስቢ፣ ስለ ዘመድ አዝማዳቸው ሁሉ። ላካችሁ፤ ዓይኔ እስኪፈዝ አነበብኩ። ግማሹ ደብዳቤ «እየሰማኝ ነው ወይ?» ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ «ለምንድነው የማይሰማኝ?» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ስማችሁ እንዳይወጣ ስለፈለጋችሁ ራሳችሁ በመረጣችሁት ቅጽል አውጥቼዋለሁ። አንዳንዱን ደብዳቤ አሳጥሬዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንተ ይሁን። ባለፈው እሁድ እህቴ ቤት መጥታ ወገቤን አመመኝ አለች። ስለ ፍራሽ አወራን። ስልኬ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ አልነካሁትም። በማግስቱ ጠዋት ፌስቡክ ስከፍት የፍራሽ ማስታወቂያ! እኔ በሕይወቴ ስለ ፍራሽ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አላውቅም። አጋጣሚ ነው እንዳትለኝ።
(ስልኩን የጠረጠረ)

መልስ፦ አጋጣሚ ነው አልልህም። ስልኩ ሰምቶህ ነው ብዬም አልፈርድበትም። መጀመሪያ እህትህን ጠይቃት። ወገቧን ያመማት ሰው እዚያው ሶፋህ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ፍራሽ ሳትጎረጉር አልቀረችም፣ ያውም ባንተው ዋይፋይ። ማስታወቂያ የሚሸጡ ድርጅቶች ሁለት ስልኮች በአንድ የኢንተርኔት መስመር ሲጠቀሙ ማየት ይችላሉ። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ከእህትህ ጋር ጓደኛ ናችሁ። ዕድሜህን ነግረኸዋል፣ ከፈቀድክለት የት እንደምትውል ያያል፣ የትኛው ፎቶ ላይ ቆም እንዳልክ ሳይቀር ይከታተላል። ይህን ሁሉ ይዞ ጆሮ ምን ያደርግለታል? እኔን የሚያስፈራኝ እንዲያውም ይሄኛው ነው። ሳይሰማህ ማወቁ።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ጠዋት ብዙ ማስታወቂያ ዓይንህ ሥር አልፏል። አንዱንም አታስታውሰውም። የፍራሹን ግን ያዝከው፣ ከሌሊቱ በፊት ስለ ፍራሽ ስታወራ ስላመሸህ።

ነገሩን ለማጣራት የሞከሩ ሰዎች አሉ። በ2018 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ የሚገኘው የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17,000 በላይ የአንድሮይድ አፖችን ፈተሹ። በድብቅ ማይክ ከፍቶ ድምፅ የሚልክ አንድም አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ አንዳንዶቹ አፖች ሰውየው ስክሪኑ ላይ የሚያደርገውን በቪዲዮ እየቀረጹ ለሌላ ድርጅት ይልኩ ነበር። ጆሮ ሲፈልጉ ዓይን ተገኘ። ጥናቱ ያየው አንድሮይድን ብቻ ነው፣ ጊዜውም ቆየት ብሏል፣ ስለዚህ «በፍጹም ሊሆን አይችልም» ብለህ ተከራከርበት አልልህም። ፍራሹን ግን እህትህ ላይ አላክኬአለሁ።

የድምፅ ረዳቱ ራሱስ? እሱ በርግጥ ያዳምጣል፣ ካላዳመጠ ስትጠራው እንዴት ይሰማል? ማዳመጥና መቅዳት ግን ይለያያሉ። ስልኩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች። ቀኑን ሙሉ የምትጠብቀው አንድ የድምፅ ቅርጽ ብቻ ነው፤ «ሄይ ሲሪ» ወይም «ሄይ ጉግል» የሚለውን። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ትይዛለች፣ መቀስቀሻ ቃሉን ካልመሰላት ትደመስሳለች፣ በአዲስ ትተካለች። ይህ እዚያው ስልኩ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ከመሰላት ነው ዋናው ረዳት የሚነቃው። ከዚያ ድምፅህ እንደ ስልኩና እንደ ጥያቄው፣ ወይ እዚያው ወደ ጽሑፍ ይለወጣል ወይ በኢንተርኔት ወደ ድርጅቱ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ይሄዳል። አፕል ለምሳሌ ከ2021 ጀምሮ በአዳዲሶቹ አይፎኖች ይህንን ሥራ በብዛት ስልኩ ላይ አድርጎታል። ጉዱ ያለው «ከመሰላት» የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። ቀጣዩ ደብዳቤ ስለ እሷ ነው።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ላይ ነበርን። አለቃችን ስለ በጀት እያወራ ሰው ሁሉ ጭጭ ብሏል። ድንገት ስልኬ ከኪሴ ውስጥ ጮክ ብሎ በእንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። አለቃዬ ብቻ አልሳቀም። እኔ እኮ አልጠራሁትም!
(ኪሱ ያዋረደው)

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ከናንተ ሁሉ ደፍሮ እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በ2020 በጀርመን የቦኹም ሩር ዩኒቨርሲቲና የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች የድምፅ ረዳቶችን ፊልምና ዜና ሲያሰሟቸው ዋሉ። ሳይጠሩ የሚቀሰቅሷቸው ከ1,000 በላይ የቃል ቅንጅቶች ተገኙ። «ኤ ሲቲ» ሲባል ሲሪ ትነቃለች። «ኦኬ፣ ኩል» ሲባል ጉግል አቤት ይላል። የአማዞኗ ረዳት አሌክሳ «ኢሌክሽን» (ምርጫ) የሚለውን ቃል ስሟ ይመስላታል። የምርጫ ሰሞን ዜና በተከፈተበት ቤት ውስጥ ምን ስትሆን እንደምትውል አስበው!

ለምን እንዲህ ተሠራ? ሆን ተብሎ ነው። አንተ ስትጠራው ዝም ካለህ ትናደዳለህ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ዝም ካለህ ደግሞ አጥፍተህ ትተወዋለህ። ስለዚህ ድርጅቶቹ ትንሽ ልል አድርገው ያስተካክሉታል፣ «ሳይጠራ ቢነሳ ይሻላል፣ ተጠርቶ ከሚቀር» ብለው። ያንተ ውርደት የዚያ ስሌት ትርፍራፊ ነው። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ አይፎን ላይ «ሄይ»ን ትቶ «ሲሪ» ብቻ ብሎ መጥራት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ «ተነሺ፣ ሥሪ» እየተባለ የሚዋልበት ቤት ካለ እግዜር ይሁነው።

ይህንን ድክመት ለንግድ የተጠቀመም አለ። በ2017 በርገር ኪንግ አሜሪካ ውስጥ ባሰራጨው አጭር የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ተዋናዩ ሆን ብሎ «ኦኬ ጉግል» ብሎ ስለ ሃምበርገራቸው ጠየቀ። የተመልካቾች ቤት ውስጥ ያሉ የጉግል ድምፅ ማጉያዎች ተነስተው ያነበንቡ ጀመር። ጉግል በሰዓታት ውስጥ ዘጋው። እኔ እስካሁን ያስቀኛል፣ ግን ሰው ቤት ድረስ ገብቶ የሰውን ዕቃ ማዘዝ መቻል ቀልድ ብቻ አይደለም።

ለአንተ የሚሆነው መፍትሔ ቀላል ነው። መቀስቀሻ ቃሉን አጥፋው፣ ረዳቱን በቁልፍ ብቻ አንቃው። የጎኑን ቁልፍ ተጭነህ ስትይዝ ይነሳል፣ ካልተጫንክ አይነሳም። እኔም እንደዚያ ነው የምጠቀመው። የድምፅ ጥሪውን ከወደድከው ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ድምፅህን እንደገና አስተምረው፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ። አይፎን ከሆነ ስብሰባ ላይ በፊቱ ድፋው፤ ሲደፋ «ሄይ ሲሪ»ን እንዳይሰማ ተደርጎ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል። እሱ «የምትናገረውን ሰው ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል» ይላል። እኔ «ማሽን ነው፣ ማን ጊዜ አለው» እላለሁ። ፍረደን።
(ተወራራጁ)

መልስ፦ ተበላህ። ሁሉንም ባይሆንም፣ ሰው ያዳምጥ ነበር።

2019 ለእነዚህ ድርጅቶች ገመናቸው የወጣበት ዓመት ነበር። በሚያዝያ ወር የዜና ድርጅቱ ብሉምበርግ የአማዞን ሠራተኞች የአሌክሳን ቅጂዎች እያዳመጡ እንደሚጽፉ አወጣ። በሐምሌ የቤልጂየሙ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቪአርቲ የጉግል ረዳት የቀዳቸውን ከ1,000 በላይ ድምፆች ከአንድ አድማጭ እጅ አግኝቶ አዳመጠ። ከነሱ ውስጥ 150 ያህሉ ማንም ሳይጠራው የተቀዱ ነበሩ። ሰዎች ሲጨቃጨቁ፣ ስልክ ሲያወሩ፣ አድራሻቸውን ሲናገሩ። ጋዜጠኞቹ ከቅጂው ተነስተው አንዳንዶቹን ሰዎች በአካል አገኟቸው። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ የእንግሊዙ ጋዜጣ ዘ ጋርዲያን ተራውን ለሲሪ ሰጣት፤ በኮንትራት የሚሠሩ አድማጮች ሐኪምና ታካሚ ሲነጋገሩ፣ ባልና ሚስት አልጋ ላይ ሳሉ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ድርድር ሳይቀር ይሰሙ እንደነበር ጻፈ። አፕል አሠራሩን አቆመ፣ ይቅርታም ጠየቀ። በጥቅምት ላይ ደግሞ ቅጂው እንዲደመጥ የሚፈልግ ሰው ብቻ ራሱ እንዲፈቅድ አደረገ።

ያ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሄዶ ዓመታት ወሰደ። በመጨረሻ አፕል ጥፋቱን ሳያምን 95 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፣ ወሬው በ2025 መጀመሪያ ላይ ተሰማ። ብዙ ይመስላል። ለአንድ ስልክ ሲካፈል ግን ጣሪያው 20 ዶላር ነው። መኝታ ቤትህ በ20 ዶላር።

ለምን ያዳምጣሉ? ለመሰለል አይደለም፣ ለማረም ነው። ማሽኑ «አሥራ አምስት» ሲባል «አምስት» ብሎ ከሰማ፣ ስህተቱን የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። ይሄ ይገባኛል። ያልገባኝ፣ ለምን ቀድመው በግልጽ አልነገሩንም? በመቶ ገጽ ውል ውስጥ አንድ መስመር ሸጉጦ «ነግረናችኋል» ማለት መንገር አይደለም።

አሁን ምን ታደርጋለህ? አይፎን ላይ በግላዊነት ሴቲንግ ውስጥ «ኢምፕሩቭ ሲሪ ኤንድ ዲክቴሽን» የሚል አለ፤ አጥፋው። በሲሪ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ የሲሪን ታሪክ መሰረዣ አለ። ጉግል ላይ አካውንትህ ውስጥ ገብተህ «ዌብ ኤንድ አፕ አክቲቪቲ» የሚለውን ክፈት፣ ድምፅ እንዲቀመጥ የሚፈቅደውን ምልክት አንሳ፣ የቆየውም በራሱ እንዲሰረዝ ጊዜ ቁረጥለት። ስታገኘው ጥያቄዎችህን በቀንና በሰዓት ተደርድረው ልታያቸው ትችላለህ። ብቻህን ሆነህ ክፈተው።

ጉግል አሲስታንትን በጀሚናይ እየተካው መሆኑን ሳትሰማ አትቀርም። ጀሚናይ ጎበዝ ነው፣ ረጅም ወሬ ታወራዋለህ፣ ችግሩም እዚያው ነው። ሰው «ሰዓት ቀስቅሰኝ» ከማለት አልፎ ሆዱን ያወራዋል። የጉግል የራሱ የግላዊነት ገጽ ላይ ሰዎች አንዳንድ ውይይቶችን እንደሚገመግሙ፣ የተገመገመውም እስከ 3 ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ተጽፏል፣ አንተ ታሪክህን ብትሰርዝም። ምስጢር አትንገሩት የሚል ማሳሰቢያም አብሮ አለ። ባለቤቱ እንዲህ ካለ እኔ ምን እጨምራለሁ?

ውርርዱን ክፈል።

ጥያቄ፦ አባቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ሲደወልላቸው ያነሳሉ እንጂ ራሳቸው መደወል ትተዋል፣ ቁጥሩ አይታያቸውም። የድምፅ ረዳቱን ላስተምራቸው ስል ወንድሜ «ያ ሰላይ ነው፣ አባባን አታስነኪ» አለኝ። አንተስ ምን ትላለህ?
(የአባቷ ልጅ)

መልስ፦ አስተምሪያቸው። ነገ ሳትዪ፣ ዛሬ ማታ።

ወንድምሽ ያነሳው ስጋት እውነት ነው፣ ግማሹን ገጽ የሞላሁትም በሱ ነው። ግን ሚዛን ላይ አስቀምጪው። በአንድ በኩል አንድ ድርጅት አባባ ስንት ሰዓት ላይ ለማን እንደደወሉ ያውቃል። በሌላ በኩል አባባ ሰው እስኪያስታውሳቸው ሳይጠብቁ፣ ልጃቸው ስትናፍቃቸው ራሳቸው ይደውላሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ይሉኝታም አይዘኝም። የድምፅ ረዳት ለኛ ስንፍና ነው፤ ለሳቸው ግን እጅና ዓይን ነው።

ሁሉንም ነገር አንድ ቀን አታሸክሚያቸው። መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ፤ መደወል። «ኮል» ብለው ስም መጥራት ከቻሉ አለቀ። ስሞቹን ማሽኑ በሚገባው አጻጻፍ በላቲን ፊደል አስቀምጪላቸው፣ አጭር አጭር አድርገሽ። ተቀራራቢ ስም ያላቸውን ሰዎች ለያይልኝ፤ የልጅ ልጃቸውን ሲጠሩ የቀድሞ የመሥሪያ ቤት አለቃቸው ሲያነሳ አስቢው። ሳምንት ሲለምዱት የመድኃኒት ሰዓት ማስታወሻ ጨምሪላቸው፣ ከዚያ መልእክት ማንበብ። መጀመሪያ ላይ ከማሽን ጋር ማውራት ያሳፍራቸው ይሆናል። አንቺ አጠገባቸው ሆነሽ ስታወሪው ካዩ ይለምዱታል።

ዓይናቸው በጣም ከደከመ ረዳቱ ብቻውን አይበቃም። አይፎን «ቮይስኦቨር» አለው፣ ከ2009 ጀምሮ አብሮት ይመጣል። አንድሮይድ «ቶክባክ» አለው። እነዚህ ጣት ያረፈበትን ሁሉ ጮክ ብለው የሚያነቡ ናቸው። ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋሉ። እጃቸው የማይታዘዝላቸው ሰዎች ደግሞ ስልኩን ከላይ እስከታች በድምፅ የሚያዙበት አለ፤ አንድሮይድ ላይ «ቮይስ አክሰስ»፣ አይፎን ላይ «ቮይስ ኮንትሮል» ይባላል። ብዙ ሰው ስልኩ ውስጥ ተቀምጦለት አያውቀውም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ስለ መድኃኒት መጠን ረዳቱን እንዳይጠይቁ። ተሳስቶም በልበ ሙሉነት ነው የሚመልሰው።

ጥያቄ፦ የምደብቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም። ግን ባለቤቴ ስልኬን ቢያነሳ ረዳቱን የጠየቅኩትን ሁሉ ማየት ይችላል?
(ዝም ብላ የጠየቀች)

መልስ፦ እህቴ፣ የሚደበቅ ነገር ባይኖርም ጥያቄሽ ትክክል ነው። ስልኩ ከተከፈተ አዎ፣ የጉግል ታሪክሽን ገብቶ ማየት ይችላል። ያንቺ አካውንት የገባበት የቤት ታብሌት ወይም አሮጌ ስልክ ካለም እንደዚያው። ሰው ስለ ትልልቆቹ ድርጅቶች ሲጨነቅ ያድራል፣ ከኔ ደብዳቤዎች ውስጥ ግን ጉዳት ደረሰብኝ ያሉት በአብዛኛው በቅርብ ሰው ነው። በባል፣ በሚስት፣ በሥራ ባልደረባ፣ በታናሽ ወንድም።

ይህን ሞክሪ። ስልክሽን ቆልፊና የመጣልሽን መልእክት እንዲያነብ እዘዢው። ወይም ለሆነ ሰው ደውል በዪው። የቁልፍ ቁጥር ሳይጠይቅ ከታዘዘሽ፣ ሌላውም ሰው ሊያዝዘው ይችላል ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ስልኩ ተቆልፎ ሳለ ረዳቱ እንዳይሠራ ማድረግ ይቻላል። «ድምፄን ለይቶ ያውቃል» ብለሽ አትተማመኚበት። ድምፅ ማወቁ ለምቾት የተሠራ ነው፣ ቁልፍ አይደለም፤ ድምፁ የሚመስልሽ ሰው፣ ያንቺው የተቀዳ ድምፅም ሊያልፈው ይችላል።

በነገራችን ላይ በ2017 ቻይናውያን ተመራማሪዎች የሰው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ረዳቶችን አዘዋል። በ2019 ደግሞ የአሜሪካና የጃፓን ተመራማሪዎች ማይክ ላይ ሌዘር እያበሩ ያለ ምንም ድምፅ ትዕዛዝ አስገብተዋል፣ አንዱን ከ110 ሜትር ርቀት። ጉድ ነው፣ ግን ለዚህ ብለሽ መጋረጃ አትግዢ። ጎረቤትሽ ሌዘር ይዞ ከሚመጣ ባለቤትሽ ስልክሽን ቢያነሳ ይቀላል።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ ከስልኩ ጋር ጓደኛ ሆኗል። እንዴት እንደለመደው እኔ እንጃ፣ ቀልድ ንገረኝ ይለዋል፣ ዘፈን ክፈት ይለዋል። ልከልክለው?
(የአንድ ወንድ ልጅ እናት)

መልስ፦ ቀልዱን አትከልክዪው። ግዢውን ግን ዝጊበት። በ2017 መጀመሪያ በተሰማ ዜና አሜሪካ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ አሌክሳን እያወራች የአሻንጉሊት ቤት አዘዘች፣ መጣላትም። ዜናውን ያነበበው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ የልጅቷን ንግግር ሲደግመው ደግሞ የሌሎች ተመልካቾች አሌክሳዎች ሊያዙ እንደሞከሩ ሰዎች ደውለው ተናገሩ። ስለዚህ ግዢ ሁሉ ፓስወርድ ይጠይቅ።

የልጆች ድምፅ ከአዋቂ ይልቅ ጥበቃ የሚያስፈልገው ነው። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት አማዞንን የከሰሰው፣ በአሌክሳ የተቀዱ የልጆችን ድምፆች ከልክ በላይ አቆይቷል፣ ወላጆች ሰርዙልን ሲሉም በወጉ አልሰረዘም ብሎ ነው። አማዞን 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስለዚህ ልጅሽ ባንቺ አካውንት ሲጫወት የሚቀረው ታሪክ ያንቺ ተብሎ እንደሚቀመጥ አስቢና አልፎ አልፎ ሰርዢው። ደግሞ ስሙን፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ ቤታችሁን ለማሽን እንዳይነግር አሁኑኑ አለማምጂው። የኋላ ኋላ ለሰውም ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ አንተ ስለ መሰለል ትጽፋለህ። የኔ ችግር ሌላ ነው። አማርኛ አይገባውም። እንግሊዝኛ ስናገርም አይገባውም። ምላሴን ልቀይር?
(ማንም ያልሰማው)

መልስ፦ ምላስህ ደህና ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የሰማውን ሰው ብቻ ነው። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት የአማዞን፣ የአፕል፣ የጉግል፣ የአይቢኤምና የማይክሮሶፍትን ንግግር መለያዎች አሜሪካ ውስጥ ፈትኖ ነበር። ነጭ ተናጋሪዎች ላይ ከ100 ቃል 19ኙን ሲስቱ፣ ጥቁር ተናጋሪዎች ላይ 35ቱን ሳቱ። አፍ የፈቱት እዚያው በእንግሊዝኛ ነው እንግዲህ! እኔና አንተ «ፒ»ን አጥብቀን ስንል ቢደናገር ምን ይገርማል?

ለጽሑፍ ግን መላ አለ። ጉግል በ2017 አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ አስገብቷል። ጂቦርድ የሚባለውን ኪቦርድ ጭነህ፣ አማርኛን መርጠህ፣ የማይኩን ምልክት ነካ አድርገህ ተናገር። ይጽፍልሃል። ሥርዓተ ነጥብ ላይ ዘንግቶ ያልፋል፣ ስሞችን ያበላሻል፣ የሚጠብቅና የሚላላ ላይ አንዳንዴ ትስቃለህ፣ ግን ረጅም መልእክት በጣት ከመልቀም ይሻላል። ይህን ዓምድ ራሱ ግማሹን የጻፍኩት እንደዚያ ነው። «ገመና» ስለው «ገና» ብሎ ጻፈልኝ።

ይቺ ነገር አንዳንዴ ታሳስበኛለች። ማሽኑ ቋንቋችንን እንዲሰማ ከፈለግን ድምፃችንን መስማት አለበት። ሌላ መንገድ የለውም። የፋየርፎክስ ብራውዘር ባለቤት ሞዚላ በ2017 የጀመረው «ኮመን ቮይስ» የሚባል ሥራ ሰዎች ወደው ዓረፍተ ነገር እያነበቡ ድምፃቸውን የሚሰጡበት ነው፣ የተሰበሰበውም ለሁሉም ክፍት ነው። እዚያ ግማሽ ሰዓት ባነብ ቅር አይለኝም። አውቄ ሰጥቼው፣ ለምን እንደሚውልም አውቄ ነዋ። ኪሴ ውስጥ ሆኖ ሳላውቅ ሲወስድብኝ ነው ደሜ የሚፈላው።

ጥያቄ፦ «ሄይ ጉግል»ን አጥፍቻለሁ። ማይኩ ተዘጋ ማለት ነው?
(ቸኩያለሁ)

መልስ፦ አይደለም። ረዳቱ መጠበቅ አቆመ ማለት ብቻ ነው። ማይክ የፈቀድክላቸው ሌሎች አፖች አሁንም መክፈት ይችላሉ። ሴቲንግ ውስጥ የማይክ ፈቃድ ያላቸውን ዝርዝር ተመልከት፣ የባትሪ መብራት አፕ ማይክ ምን ያደርግለታል? ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ባሉ ስልኮች ማይክ ሲከፈት ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። አይፎን ላይ ከ2020 ጀምሮ ብርቱካናማ ነጥብ ናት። ሳታወራ ካየሃት ማን እንደከፈተው እዚያው ይነግርሃል። አዳዲሶቹ አንድሮይዶች ከላይ ስትስበው በሚወርደው ሜኑ ላይ ማይኩን ለሁሉም አፕ የሚዘጋ ቁልፍም አላቸው። ሰው ሲደውልልህና ድምፅህ አልሰማ ሲለው ግን እሱን መዝጋትህን አስታውስ፣ ኔትወርኩን አትሳደብ።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ «ዩ» ብዬ እገላገላለሁ። በአማርኛ ግን ስለሱ ሳወራ «አለኝ» ልበል «አለችኝ»? ቤት ውስጥ ተጣልተናል።
(ሰዋስው የቸገረው)

መልስ፦ የሳምንቱ ምርጥ ጥያቄ። ሲሪ በ2011 ስትወጣ አሜሪካ ውስጥ የሴት ድምፅ ነበራት፣ እንግሊዝ አገር ግን የወንድ። በ2019 ዩኔስኮ ረዳቶቹን ሁሉ በሴት ድምፅ መሥራት «ሴት ማለት ታዛዥ» የሚል ስሜት ያጠናክራል ብሎ ተቸ። ከ2021 ጀምሮ አፕል ለእንግሊዝኛ ተጠቃሚዎች ድምፁን ራሳቸው እንዲመርጡ አድርጓል። ስለዚህ ሴቲንግህን አይተህ በመረጥከው ድምፅ ጥራ። እኔ ግን ሥርዓት የለኝም። በሰዓቱ ሲቀሰቅሰኝ «አለኝ» እላለሁ፣ ሳልጠራት ከኪሴ ስትጮህ «ምን ሆነች ደግሞ» እላለሁ፤ ባለቤቴ ይህን ካየች ወዲህ በዚህ ጉዳይ አናወራም።